ቃሉን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ግን አይመጣም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። ተራውን እንግሊዝኛ አልፎ ከፍ ያለ የቃላት ክምችት እንዴት ይገነባል? ለ26 ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ በጎን ደግሞ እተረጉማለሁ። ጥያቄው ለእኔም የዕለት ተዕለት ጥያቄዬ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠቅስ አቅርቤአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከ7 ወር በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና እፈተናለሁ። ላለፉት 3 ወራት በቀን 40 ቃል ስሸመድድ ነበር። ደብተሬ ላይ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው ተጽፏል። ከ3,000 በላይ ደርሻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ፍቺውን ቶሎ እመልሳለሁ። ድርሰት ስጽፍ ግን የሚመጡልኝ ያው የድሮዎቹ «ጉድ»፣ «ባድ» እና «ቢግ» ናቸው። አዲሶቹን ስሞክር ደግሞ አስተማሪዬ በቀይ ያሰምርባቸዋል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ 3 ወር ሙሉ በየቀኑ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ትጋትህን አከብራለሁ። ያስቸገረህ የደብተርህ አሠራር ነው።

እስቲ ደብተርህን ግለጠው። ከ«ሲቪር» ፊት ለፊት ምን ጽፈሃል? «ከባድ» ሳትል አትቀርም። ከ«ሲሪየስ» ፊትስ? እሱም «ከባድ»። «ሂቪ»ም ከባድ፣ «ዲፊከልት»ም ከባድ። አሁን ድርሰትህ ውስጥ «ከባድ ዝናብ» ልትል ፈለግህ። ከአራቱ የትኛውን ታነሳለህ? ደብተርህ አይነግርህም። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ግን አያመነታም። ዝናብ «ሂቪ» ነው። ፈተና «ዲፊከልት» ነው። ስህተት «ሲሪየስ»፣ የራስ ምታት ደግሞ «ሲቪር» ነው። ነፋስ ሲበረታ «ስትሮንግ» ይባላል እንጂ «ሂቪ» አይባልም። እኛ በአንድ ቃል የምንሸከመውን እነሱ ለብዙ ተከፋፍለውታል።

«ሠራ» የሚለውንም እየው። ስህተት ሠራ ስትል «ሜክ» ነው። የቤት ሥራ ሠራ «ዱ» ነው። ቤት ሠራ «ቢልድ»፣ ሰዓቱ ይሠራል «ወርክ»። በቀኝ ዓምድህ ላይ አራቱም «ሠራ» ብቻ ናቸው።

ይህ የቃላት ጉርብትና «ኮሎኬሽን» ይባላል። ጄ. አር. ፈርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እኛስ ስለ ሰው «ጓደኛህን ንገረኝ» እንል የለ? አስተማሪህ በቀይ የሚያሰምርብህ ፍቺ ስለሳትክ አይመስለኝም። ቃሉን ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ስላስቀመጥከው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በሚያም መንገድ ነው። ትርጉም በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ አንጋፋ ምሁርን አጭር የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ተሰጠኝ። «በትዕግሥታቸው የታወቁ» ማለት ፈለግሁ። «ፌመስ» የሚለው ተራ መሰለኝ። ደብተሬ ላይ «ኖቶሪየስ» ከሚለው ፊት «በጣም የታወቀ» የሚል ጽፌ ነበር። እሱን አስገባሁት። ከመታተሙ በፊት ምሁሩ ራሳቸው አነበቡት። አስጠሩኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ይህ ቃል እኮ ለወንበዴ የሚነገር ነው» አሉኝ። «ኖቶሪየስ» በክፉ የታወቀ ማለት ነው። ደብተሬ ውስጥ የነበረው ግማሽ ፍቺ ነው፤ ግማሹ ነው የሰው ስም ሊያጠፋ የነበረው። ያን ቀን ማታ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ መመርመር ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቃል ግማሽ ገጽ እሰጣለሁ። «ሪላክታንት» የሚለውን እንውሰድ። መጀመሪያ ያገኘሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እገለብጣለሁ። ቀጥሎ ጎረቤቶቹን እጽፋለሁ፤ «ሪላክታንት ቱ አድሚት»፣ «ሪላክታንት ቱ ሊቭ»። ከዚያ ዘመዶቹን፤ ስሙ «ሪላክታንስ»፣ ድርጊቱን የሚገልጸው «ሪላክታንትሊ»። የአማርኛ ፍቺውን በአንድ ቃል አልዘጋም። «ልቡ ሳይፈቅድ፣ እያቅማማ» እላለሁ። በመጨረሻ ከራሴ ሕይወት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር እሠራለታለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን አደራ እንዳትዘላት። ወንድምህ ጥፋቱን ለማመን ያቅማማበትን ቀን ከጻፍክ ቃሉ የወንድምህን ፊት ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቃል ስትጠራው ይመጣል።

«ታዲያ በቀን 40 እንዴት ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። አይሆንም። በሳምንት 10 ይበቃሃል። 7 ወር 30 ሳምንት ገደማ ነው፤ 300 ቃል። ጥቂት መስሎ እንዳይታይህ። የትኞቹን እንደምትመርጥ ነው ዋናው ነገር።

ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. እጅግ ተደጋጋሚ የሆኑትን 2,000 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት ዘርዝሮ አሳትሟል። በተራ ጽሑፍ ከምታያቸው ቃላት አብዛኞቹ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒውዚላንዷ አቬሪል ኮክስሄድ በትምህርታዊ ጽሑፎች የሚዘወተሩ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። ቤተሰብ ስል ከአንድ ቃል የተወለዱትን ሁሉ አንድ ላይ ማለቴ ነው። 570ዎቹ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ ቃላት አንድ አስረኛ ገደማውን ይሸፍናሉ። ለምትፈተነው ፈተና የሚጠቅምህ ይህ ዝርዝር ነው። ገሚሱን ሳታውቀው አትቀርም፤ የቀረህን በ30 ሳምንት ትጨርሰዋለህ።

የሩቁንም ልንገርህ። ሌላው የኒውዚላንድ ምሁር ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ያስፈልጋል። የተነገረውን ለመረዳት ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል። መለኪያው ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ነው። ያን ያህል ቃል በሽምደዳ ብቻ አይሞላም። ንባብ ነው የሚሞላው።

ስለዚህ አንብብ፤ ግን እየዘለልክ አይሁን። አንድ ርዕስ ምረጥና ወር ሙሉ እሱ ላይ ክረም። ጤናም ይሁን፣ እግር ኳስም ይሁን፣ የሕዋ ምርምርም ይሁን። በአንድ ርዕስ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ያመጡልሃል። ዛሬ ያየኸውን ነገ በሌላ ጎረቤት መካከል ታገኘዋለህ። እኔ አንድ ወር ስለ ወረርሽኝ ብቻ አንብቤ «ሚቲጌት» የሚለውን ቃል ሳልሸመድደው ያዝኩት። ጉዳትን ማለዘብ፣ መቀነስ ማለት ነው። ከ«ሪስክ» እና ከ«ኢምፓክት» ጋር መዋል እንደሚወድም ያኔ ነው የገባኝ።

መርሳትን በተመለከተ አትደንግጥ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ቅንጅቶች ራሱ ላይ እየሞከረ አጥንቶ በ1885 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ሰው በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከዚያ መርሳቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ቃልን በማግስቱ ክለሰው፤ ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1972 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሚሆን የካርድ ሳጥን አስተዋውቋል። ያስታወስከው ካርድ ቆይቶ ወደሚከለሰው ክፍል ያልፋል። የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ ከቀለለህ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ካርዱ ላይ ግን ነጠላ ቃል እንዳትጽፍ። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍና ቃሉን ባዶ ተወው።

የድሮውን ደብተርህን አትጣለው። ስታነብ ከዚያ ውስጥ የሆነ ቃል ባገኘህ ቁጥር አጠገቡ ነጥብ አድርግ። 2 ነጥብ ያገኘው ግማሽ ገጽ ይሰጠው። ሌላው ተራውን ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እኔ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬ ከፍ ይበል ብዬ ሪፖርት ላይ የተማርኳቸውን ቃላት ማስገባት ጀመርኩ። «ዩዝ» በማለት ፈንታ «ዩቲላይዝ»፣ «ቢጊን» በማለት ፈንታ «ኮሜንስ»፣ «ትራይ» በማለት ፈንታ «ኢንዴቨር» እላለሁ። አለቃዬ «ከበደኝ፣ አቅልለሽ ጻፊው» ብሎ መለሰልኝ። ታዲያ የተማርኩት ለምን ሊጠቅመኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መከፋትሽ ይገባኛል። አለቃሽ ግን በአንድ ነገር ልክ ነው። የቀየርሻቸው ቃላት አዲስ ነገር አልጨመሩም። ልብስ ብቻ ነው የቀየሩት።

ከሥሩ ላሳይሽ። በ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ወረረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ አፍ ፈረንሳይኛ ሆነ። የሊቃውንቱ ላቲን ነበር። የገበሬው እንግሊዝኛ ከሥር ቀረ። ዛሬ እንግሊዝኛ ለአንድ ሐሳብ ሁለት ሦስት ቃል የሚኖረው በዚህ የተነሳ ነው። «ቢጊን» የገበሬው ነው፤ «ኮሜንስ» የቤተ መንግሥቱ። «አስክ» የድሮው እንግሊዝኛ ነው፤ «ክዌስችን» በፈረንሳይኛ በኩል መጣ፤ «ኢንተሮጌት» ከላቲን ተወሰደ። የመጀመሪያው መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ ያለበት ጥያቄ ነው። ሦስተኛው መርማሪ ተጠርጣሪን ፊቱ አስቀምጦ የሚያደርገው ነው።

በአማርኛም እኮ አለን። «ሞተ» አለ፣ «አረፈ» አለ፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» አለ። ጎረቤትሽ «ድመቴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች» ቢልሽ ቃሉን አለቦታው እንዳዋለው ወዲያው ይሰማሻል። አለቃሽም «ስብሰባው ይኮሜንሳል» ዓይነት ነገር ሲያነብ የተሰማው ይኸው ነው።

ከፍ ያለ ቃል ማለት ረጅም ቃል ማለት አይደለም። አጭሩ ያልያዘውን ነገር የሚይዝ ቃል ነው። ለምሳሌ ሪፖርትሽ ውስጥ «ሥራ አስኪያጁ እንዲህ አለ» የሚል አለ እንበል። «ሴድ» ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ። ግን እንዴት ነው ያለው? ጥፋቱን አምኖ ከሆነ «አድሚትድ» ነው። ማስረጃ ሳያቀርብ ነው ካለ «ክሌምድ»። አልለቅም ብሎ ሙጭጭ ካለ «ኢንሲስትድ»። በጨረፍታ ጠቆም አድርጎ ካለፈ «ሂንትድ»። ሳይወድ በግዱ ከተቀበለ «ኮንሲድድ»። አምስቱም አጫጭር ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይተካሉ። አለቃሽ እነዚህን ሲያነብ «ከበደኝ» የሚል አይመስለኝም።

«ዩቲላይዝ»ን በ«ዩዝ» ፈንታ አትጻፊ። ሐቁን ለመናገር፣ እኔ ራሴ ለ26 ዓመታት የግድ ያስፈለገኝ ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ የትኛው መዝገበ ቃላት ይሻላል፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይስ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ?

መልስ፦ ሁለቱም፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ አማርኛውን ይዩ፤ ሐሳቡን ቶሎ ያስይዝዎታል። ከዚያ ለተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀውን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ይክፈቱ። ለአገሬው ተናጋሪ የተጻፈውን አይደለም። የተማሪ መዝገበ ቃላት የሚባለው ነገር ትልቅ ስም ያገኘው በኤ. ኤስ. ሆርንቢ ሥራ ነው። ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር አዘጋጅቶት እዚያው በ1942 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሎንግማን የተባለው አሳታሚ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደግሞ ፍቺዎቹን የጻፈው በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ነው። ስለዚህ መሠረታዊዎቹን 2,000 ካወቁ ሌላውን በራሱ በእንግሊዝኛ መረዳት ይችላሉ። ፍቺውን አንብበው አይዝጉት። ምሳሌዎቹን ያንብቡ፤ ጎረቤቶቹ ያሉት እዚያ ነው። የተመሳሳይ ቃላት መድበል ግን የማያውቁትን ቃል ለመምረጥ አይጠቀሙበት። የሚያውቁትን ለማስታወስ ብቻ ነው። «ፌመስ» እና «ኖቶሪየስ» እዚያ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በንባብ የማውቀውን ቃል ሰው ሲናገረው አላውቀውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቃሉን በዓይንህ ብቻ ነው የምታውቀው ማለት ነው። እንግሊዝኛ እንደ ፊደላችን አይደለም፤ የተጻፈው ሁሉ አይነበብም። ረቂቅ የሚለው ቃል ሲጻፍ «ቢ» አለበት፤ ሲነገር ግን «ሰትል» ነው። ዕዳ የሚለውም እንደዚያው፣ «ዴት» ይባላል። ያ «ቢ» ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ አልነበረም፤ በኋላ ሊቃውንት ላቲኑን ለማስመሰል የጨመሩት ነው። ጫን ተብሎ የሚነገረው ክፍልም ልብ ይባል። «ሬከርድ» መጀመሪያው ላይ ጫን ሲባል ስም ነው፤ «ሪኮርድ» መጨረሻው ላይ ጫን ሲባል ግሥ ነው። እያንዳንዱን አዲስ ቃል ደብተር ላይ ከማስፈርህ በፊት በድምፅ ስማው። ሦስት ጊዜ ጮክ ብለህ በለው። ከዚያ ጻፈው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ዕድሜዬ 61 ነው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንግሊዝኛዬን ማሻሻል እፈልጋለሁ፣ ግን ጊዜው ያለፈብኝ ይመስለኛል። የቃል ሥር መፈለግ ከድሮ ጀምሮ እወዳለሁ። ሌላም አለ። ውጭ አገር ያለ የድሮ ወዳጄ ችግር ገጥሞት ምክር ለግሼው ነበር። በእንግሊዝኛ ሲመልስልኝ ምክሬን «ኢንቫሉዌብል» አለው። «ቫልዩ» ዋጋ መሆኑን አውቃለሁ። «ኢን» ደግሞ ማፍረሻ ነው። ዋጋ ቢስ ነው ማለቱ ነው? ይኸው 3 ሳምንት ሆነኝ፣ አልመለስኩለትም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ልጀምር።

ወዳጅዎ አልሰደበዎትም። «ኢን» ማፍረሻ መሆኑን በትክክል ይዘዋል። «ቫልዩ» ግን እዚህ ቦታ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ መተመን ነው። ቃሉ ሲፈታ «ሊተመን የማይችል» ይሆናል። በእኛም «ዋጋ የማይተመንለት» እና «ዋጋ ቢስ» ሰማይና ምድር ናቸው አይደል? እሱ ያለዎት የመጀመሪያውን ነው። ዋጋ ቢስ ሊል ቢፈልግ ኖሮ «ዎርዝለስ» ወይም «ቫልዩለስ» ይል ነበር።

ሥር መፈለግዎ ግን ትልቅ ሀብት ነው። እኛ ለዚህ የተፈጠርን ነን። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ ስብራት፣ ሰባሪ፤ ከሦስት ፊደል ስንት እንደምናወጣ ያውቃሉ። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሥሩን ከውስጥ አይለዋውጥም። ከፊትና ከኋላ ይቀጥልበታል። «ስፔክት» በላቲን ማየት ነው። «ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ ማየት፣ መመርመር። «ሬትሮስፔክት» ወደ ኋላ ዞሮ ማየት። «ፕሮስፔክት» ወደ ፊት የሚታይ ተስፋ። «ስፔክቴተር» ተመልካች። «ስክሪብ» መጻፍ ነው፤ «ዲስክራይብ»፣ «ፕሪስክራይብ» እና «ማኑስክሪፕት» ከዚያ ይወለዳሉ። የመጨረሻው «በእጅ የተጻፈ» ነው፤ «ማኑስ» እጅ ስለሆነ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። «ኢን» ሁልጊዜ አያፈርስም። አሁን ያየነው «ኢንስፔክት» ላይ ወደ ውስጥ ማለት ነው። «ኢንፍሌመብል» የሚለውም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት እንጂ የማይቃጠል ማለት አይደለም። ይህን ስቶ ሰው እንዳይጎዳ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች ላይ አሁን «ፍሌመብል» ብቻ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሥሩን መገመቻ ያድርጉት፣ ማረጋገጫውን ከመዝገበ ቃላቱ ይውሰዱ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የቃላት እውቀት ከብዙዎቹ የአእምሮ ችሎታዎች ይለያል። ፍጥነት ሲቀንስ እሱ ግን ለረጅም ዘመን ማደጉን ይቀጥላል። ካርዱን ከወጣቱ ጥቂት ጊዜ አብልጠው ይከልሱት ይሆናል። ግን ወጣቱ የሌለው ነገር አለዎት። «ሪግሬት»፣ «ሪኮንሳይል»፣ «ግራቲቲዩድ» የሚሉትን ቃላት ለሃያ ዓመት ልጅ ሳስተምር ምሳሌ ፍለጋ እለፋለሁ። መጸጸትን፣ መታረቅንና ውለታ ማወቅን እርስዎ ኖረውባቸዋል። የሚቀርዎት ድምፃቸውን መማር ነው።

መጀመሪያ ግን ለወዳጅዎ ይመልሱለት። 3 ሳምንት ለእሱም ረጅም ነው። በደብዳቤው ላይ ለምን እንደዘገዩ እንዳለ ይንገሩት፤ ያ ቃል እንዴት እንዳስከፋዎትና በኋላ ምን ሆኖ እንዳገኙት። በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ካስቸገረዎት ረቂቁን ወደ እኔ ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።